«አይዞህ» ለማለት አለመቸኮል፦ የ8 ሳምንት የአወያይነት ማስታወሻ

ከመጀመሩ 6 ሳምንት በፊት

ዛሬ ፎርሙን ሞላሁ። ስለ አእምሮ ጤና የሚደረግ የቡድን ውይይት በበጎ ፈቃድ ለመምራት ነው። «ይህን ሥራ ለምን መረጡ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወራት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ቀን ሥራ እገባለሁ፣ ከሰው ጋር እሥቃለሁ። ማታ ጣሪያው ላይ አፍጥጬ አነጋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን አንድ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ሰማሁና «እኔም እኮ እንዲህ ነኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። የዚያን ዕለት ማታ ተኛሁ።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ከሥራው ጎን ለጎን ነው። የተሳታፊዎችን ታሪክ አልጽፍም። የምጽፈው የራሴን ሥራ ነው፤ ምን ሞከርኩ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን አስተካከልኩ። የሌላ ሰው ነገር የሚነካበት ቦታ ላይ ባለቤቱን አስፈቅጃለሁ፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

ከመጀመሩ 4 ሳምንት በፊት፦ ሥልጠናው

አራት ቀን ሠለጠንን። አሠልጣኛችን ብዙ ዓመት የሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። ከዚህ በኋላም ተቆጣጣሪያችን እሳቸው ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ እንደውልላቸዋለን።

የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ነበር፦ «ሐኪም አይደላችሁም። ሐኪም እንድትሆኑም አልተጠራችሁም።» ትንሽ ከፋኝ። ታዲያ ምን ልንሠራ ነው? በሦስተኛው ቀን ገባኝ። በሽታ መለየት የኛ ሥራ አይደለም። መድኃኒት ጀምሩ፣ መድኃኒት አቁሙ ማለትም አይደለም። የኛ ሥራ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ቦታ ማዘጋጀትና ያንን ቦታ መጠበቅ ነው። ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ደግሞ ከባለሙያ ጋር ማገናኘት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ ሦስቱ ቃላት «ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ» ናቸው። «ምከር» የሚል የለበትም። ይሄን ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው።

ከመልመጃዎቹ አንዱ አልረሳውም። ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት ተቀመጥን። አንዱ 3 ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ጥያቄ የለም፣ ምክር የለም፣ ቃል የለም። እኔ 40 ሰከንድ አልቆየሁም። የምታወራልኝ ልጅ ስለ እናቷ ሕመም እየነገረችኝ ድምጿ ቀጠነ። «አይዞሽ» አልኳት። እዚያው ላይ ቆመች። «አመሰግናለሁ» አለችና ስለ ሥራዋ ማውራት ጀመረች።

አሠልጣኛችን ከጀርባ ቆመው አይተውናል። ማንንም ሳይወቅሱ «አያችሁ?» አሉ። «አይዞሽ ስትባል ጨረሰች።»

ሌሊቱን ሙሉ ይሄን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። «አይዞህ» የምወደው ቃል ነው። እንደሱ አጭር ሆኖ እንደሱ የሚያሞቅ ቃል አላውቅም። ቶሎ ከመጣ ግን በር ይዘጋል። የሚያወራው ሰው ጆሮ ላይ የሚደርሰው «በቃ ሰምቻለሁ፣ አሁን ጠንከር በል» ሆኖ ነው። ከሆድ ሊወጣ የነበረው ተመልሶ ሆድ ይገባል። ማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ አይዞህ፣ መጨረሻ ላይ።

ሁላችንንም ያስጨነቀን ሌላ ጥያቄ ነበር። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይሄን መምራት ይችላል ወይ? አሠልጣኛችን በኡጋንዳ፣ በራካይና በማሳካ፣ 30 መንደሮች ውስጥ የተሠራ ጥናት ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የታተመው። ቡድኖቹን የመሩት የሕክምና ሰዎች አልነበሩም። ሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ፣ ለ16 ሳምንት። ቡድን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ድባቴ፣ ቡድን ውስጥ ካልገቡት ሰዎች ይልቅ በጣም ቀንሶ ተገኘ። በዚያ ጥናት የተሰጠው በባለሙያ የተቀረጸ ሕክምና ነው፤ እኛ የምንሠራው ከዚያ ያነሰ፣ መደጋገፍ ብቻ ነው። ቢሆንም ልቤ ረጋ።

ከመጀመሩ 3 ሳምንት በፊት፦ ስሙን ምን እንበለው?

ማስታወቂያውን ለጠፍን። «ስለ አእምሮ ጤና የቡድን ውይይት» ይላል። አብራኝ የምትመራው ባልደረባዬ ጥግ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ሰው ይመጣል፣ የመጀመሪያውን መስመር ያነባል፣ ግራ ቀኙን ይገላምጥና ይሄዳል። ስልክ ቁጥሩን የጻፈ አንድም ሰው የለም።

በዚምባብዌም ይሄው ገጥሟቸዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ አብረዋቸው የነበሩት 14 አያቶች ናቸው። በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ጭንቀት ያዳምጣሉ። ስሙ በመጀመሪያ የአእምሮ ጤና ወንበር ነበር። ሰው ሸሸው። አያቶቹ «የጓደኝነት ወንበር» ይባል አሉ። ሰው መጣ። ከ10 ዓመት በኋላ በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ወጣ፤ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ ተሻሽለው ተገኙ።

ባልደረባዬና እኔ እዚህ ላይ ተከራከርን። እሷ «ስሙን እንቀይረው» አለች። እኔ «የአእምሮ ጤና የሚለውን ቃል እኛው ከሸሸነው ማን ሊደፍረው ነው?» አልኩ። አሁንም ቢሆን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሰው ካልመጣ ግን ክርክሬ ምን ይጠቅማል? በመጨረሻ ርዕሱን እንዲህ አደረግነው፦ «ሐሳብ የበዛበት ሰው የሚመጣበት።» ከሥር በትንሹ ስለ አእምሮ ጤና የሚደረግ ውይይት መሆኑን ጻፍን። የደበቅነው ነገር የለም፣ በሩ ላይ ግን ሰውን የሚያስደነግጥ ነገር አላስቀመጥንም። በአምስት ቀን 11 ሰው ደወለ።

ከመጀመሩ 1 ሳምንት በፊት፦ ክፍሉና ስልኮቹ

ክፍሉ ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ ነበር። አወጣነው። ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ከተቀመጠ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል። ወንበሮቹን በክብ ደረደርን፤ ለእኔ የተለየ ወንበር የለም። ሰዓቱን የሚመራው ሰው እንዲያየው፣ የሚያወራው ሰው ግን እንዳያየው አድርገን ሰቀልነው። ለበሩ ቅርብ የሆነውን ወንበር ክፍት እንተወዋለን፤ መውጣት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለመቀመጥ አይፈራም።

ሶፍት የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተነጋገርን። ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ሲያለቅስ ቶሎ ብለው ሶፍት ከዘረጉለት «እንባህን ጥረግ» ማለት ነው። መሀል ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ አድርገን እዚያ ላይ አስቀመጥነው። የፈለገ እጁን ይዘረጋል።

ከዚያ ስልክ። የሚረዱ ተቋማትና ባለሙያዎች ዝርዝር ተሰጥቶናል፤ ሰው ሲቸገር የምንልክባቸው። እያንዳንዱን ቁጥር ራሴ ደወልኩ። ሁለቱ አይሠሩም። አንዱ ላይ ያነሱት ሰው አገልግሎቱ ከቆመ እንደቆየ ነገሩኝ። አንድ የጨነቀው ሰው አቅሙን ሁሉ አሰባስቦ ደውሎ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚል ድምፅ ቢሰማ ምን ይሰማዋል? ሌላ ሰው ይሄን ሥራ ሊጀምር ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ነው፦ ዝርዝሩን ደውለህ አረጋግጥ። የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ሰውየው ሲመጣ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ጠይቀህ ጻፍ።

ሳምንት 1

ከ11 ሰው 8 መጡ።

በስምምነታችን ጀመርን። እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል፤ የራሴን እንጂ የሌላውን አላወጣም። አንድ ብቻ ለየት ያለ ነገር አለ፣ ገና ሳይጀመር ይነገራል፦ የአንድ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አንልም፣ ለተቆጣጣሪያችን እንናገራለን። ምክር የሚሰጠው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ማውራት ያልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

«ይለፈኝ» ላይ ድርቅ ያልኩት በምክንያት ነው። ከአደጋ በኋላ ሰዎችን በአንድ ስብሰባ ሰብስቦ የደረሰባቸውን በዝርዝር እንዲናገሩ ማድረግ በአንድ ወቅት በሰፊው ይሠራበት ነበር። በጥናት ሲታይ የማይጠቅም፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ማውራት ይጠቅማል ስንል ሰውየው በፈለገው ሰዓት፣ በፈለገው መጠን ሲሆን ነው።

ስለ አንቱታም ተነጋገርን። ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ወጣቶቹ «እርስዎ» ይበሉ ወይስ «አንተ» ግራ ገባቸው። እሳቸው «እንደ ለመዳችሁ በሉኝ፣ ብቻ እኔ ስገባ እንዳትነሱ» አሉ። እኔ አስቤውም አላውቅም ነበር። ለካ ሰው በገቡ ቁጥር ከተነሳላቸው ተቀምጠው «ፈርቻለሁ» ማለት ይከብዳቸዋል።

ከዚያ አበላሸሁ። ሰውን ለማጽናናት ብዬ ቁጥር አመጣሁ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰው 1 የአእምሮ ጤና ችግር ነበረበት፤ 970 ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው። «ብቻችሁን አይደላችሁም» ለማለት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ልክ 8 ናቸው። ዓይን ሁሉ መዞር ጀመረ። አንዱ ማነው? ሰው ሁሉ ተኮማተረ፣ ትከሻው ከፍ አለ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ቦታው ግን እዚያ አልነበረም።

ባልደረባዬ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ትይዛለች። ክብ ትሥላለች፣ በየወንበሩ ነጥብ ታደርጋለች፣ ማን ለማን እንደተናገረ መስመር ትስባለች። የሰው ንግግር አይጻፍም፣ መስመር ብቻ። የዛሬው ወረቀት ላይ መስመሩ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፣ ከእኔ ይወጣል። የብስክሌት ጎማ ይመስላል።

ሳምንት 2

7 ሰው። አንዷ ቀርታለች፤ ደወልኩ፣ አላነሳችም። በስምምነታችን መሠረት አንድ ጊዜ እንደውላለን፣ አንድ አጭር መልእክት እንልካለን፣ ከዚያ በላይ አናስጨንቅም።

የዛሬው ነገር ቃል ነበር። አንድ ወጣት «ድብርት ላይ ነኝ» አለ። ሌላው «እኔንም ትናንት ደብሮኝ ነበር» አለው። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ሁለቱም ያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። «ደበረኝ» እኮ ኳስ ሲሸነፉ ይባላል፣ ሰው ቀጠሮ ሲያፈርስም ይባላል። ልጁ ግን ከአልጋ መነሳት ካቃተው ሁለት ወር አልፎታል።

«እስቲ ቃሉን እንተወውና፣ ጠዋት ስትነሳ ምን ይሆናል?» አልኩት። እዚህ ላይ በሩ ተከፈተ። «ጫማዬን አያለሁ» አለ። «አልጋው ሥር ነው ያለው። ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አየዋለሁ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። «ትናንት ደብሮኝ ነበር» ያለው ልጅ ቀስ ብሎ «እኔ እንደዚያ አልሆንኩም» አለ። ይቅርታ ማለቱ ነበር፣ ሁላችንም ገብቶናል።

ከዚያ ሁሉም የየራሱን ቃል አመጣ። ልቤ ይርዳል። ሆዴ ይባባል። ደረቴን እንደ ድንጋይ ተጭኖኛል። ሐሳብ ይዞኛል። ራሴን አስጠልቶኛል። በዚምባብዌ በሾና ቋንቋ ሰዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፣ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። በኡጋንዳው ጥናትም አጥኚዎቹ ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ራስን መጥላትና ለራስ ማዘን የሚሏቸውን ነገሮች ነው መጀመሪያ የጠየቁት። ከዛሬ ጀምሮ የሕመም ስም ይዤ አልገባም። ሰውየው ባመጣው ቃል ነው የምጠይቀው።

ሳምንት 3

ዛሬ አንድ ሰው 25 ደቂቃ አወሩ። ሰዓቱን አይቻለሁ። የሚያሳዝን ነገር ነው የሚያወሩት፣ እንዴት ላቋርጥ? ሌሎቹ በመጀመሪያ ያዳምጡ ነበር። በ10ኛው ደቂቃ እግር መወዛወዝ ጀመረ። በ20ኛው አንዷ ስልኳን ገልብጣ አየች። ስንጨርስ ሁለት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ ሄዱ።

ለአሠልጣኛችን ደወልኩ። «ስላላቋረጥካቸው አክብረሃቸዋል ብለህ ታስባለህ?» አሉኝ። «ነገ ሲነሱ ያን ሁሉ በማውራታቸው ሊያፍሩ ይችላሉ። ተመልሰው ላይመጡ ይችላሉ። ማቋረጥህ ለእሳቸውም ነበር።»

አፍ የሚሞላ ሐረግ አብረን አዘጋጀን። «ላቋርጥዎትና፣ ያሉት ነገር እንዳያመልጠን ፈርቼ ነው። ብቻዬን ቀረሁ ያሉት ጋ ልቆም። ይሄ የነካው ሌላ ሰው አለ?» መስታወት ፊት ቆሜ አሥር ጊዜ ያህል አልኩት። ያልተለማመዱት ነገር በሰዓቱ አይወጣም።

ሳምንት 4

4 ሰው ብቻ። ባለፈው ሳምንት 25 ደቂቃ ያወሩት ሰው ግን መጡ። ሐረጉን በ6ኛው ደቂቃ ተጠቀምኩበት። ቆሙ፣ ዞር ብለው ሌሎቹን አዩ። አንዷ «እኔም» አለች።

ሌላ ትንሽ ሙከራም ነበረን። በሐራሬ ከአግዳሚው ወንበር ቀጥሎ የሚመጣው የቡድን ስብሰባ ላይ ሰዎች እያወሩ አሮጌ ፕላስቲክን ቦርሳ አድርገው ይሠራሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። እኛ ወረቀትና እርሳስ አስቀመጥን። ጋሼ 90 ደቂቃ ሙሉ ወረቀት እያጠፉ ቆዩ። ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ ባለቤታቸው ሞት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ማንም አላቋረጣቸውም።

ሳምንት 5

የዛሬውን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። ባለቤቱ አንብቦታል።

ስብሰባው ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰው እንደ ዋዛ «አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል» አለ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁላችንም «ኧረ ተው፣ አፍህን በዳቦ» ብለን እናልፈው ነበር።

ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ሥልጠናው ላይ ያልነውን አስታወስኩ። ባልደረባዬን አየኋት፣ ራሷን ነቀነቀች። እሷ ቡድኑን ያዘች፣ እኔ ሰውየውን «ትንሽ ውጭ እንውጣ?» አልኩት። ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጠየቅኩት፣ ሳላድበሰብስ፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

ይሄን ጥያቄ የሚፈራው ሰው ብዙ ነው። ያላሰበውን ማሳሰብ ይመስላል። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በግልጽ ይናገራል፦ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይልቁንም ሰውየው ጭንቀቱን የሚያካፍልበት መንገድ ይከፍታል። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። «ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ያቀደው ነገር አለ ብዬ ጠየቅኩ። ማታ ብቻውን መሆን አለመሆኑንም ጠየቅኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ለአሠልጣኛችን ደወልኩ፣ ስልኩን ሰጠሁት። በዚያው ቀን ከባለሙያ ጋር ተገናኘ። የሚያምነው ወንድሙ መጥቶ ወሰደው። እስኪመጣ ድረስ ደረጃው ላይ አብረን ቆየን፣ ብዙም አላወራንም። ሲሄድ «አይዞህ» አልኩት። እዚያ ጋ ነበር ቦታው።

ማታ ቤቴ ገብቼ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳምንት 6

ሳይውል ሳያድር ተደወለልኝ። ሰውየው ደህና ነው፣ ክትትል ጀምሯል። እንዲነገረን ፈቅዷል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጻፍ። ከባለፈው ሳምንት ወዲህ እንቅልፌ ተረብሿል፣ የድሮው ጣሪያ ተመልሷል። ለአሠልጣኛችን ስነግራቸው አልተገረሙም። ይህን ሳምንት ባልደረባዬ ትምራ፣ አንተ ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። መስመሩን የሳልኩት እኔ ነኝ።

ሰዎቹ ያነሱት አዲስ ነገር፦ ውጭ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን ወይ? ሁለቱ መንገድ ላይ ተያይተው አንገታቸውን ደፍተው አልፈዋል፣ ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ ተቀይመው ቆይተዋል። ስምምነቱ ላይ ጨመርነው። ብቻውን ያለ ሰው ቀድሞ ሰላም ይላል። ከሰው ጋር ያለ ሰው ካልጀመረ ሌላው አይጀምርም። «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ለሚል ምን እንደሚመለስም ተነጋገርን። «ከውይይት» በቂ ነው።

ሳምንት 7

እ.ኤ.አ. በ1905 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ ፕራት የሚባሉ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን በሳምንት አንድ ቀን ይሰበስቡ ነበር። ወደ ማገገሚያ ለመሄድ አቅም የሌላቸው ድሆች ናቸው። ሊያስተምሯቸው ነበር የሰበሰቧቸው፤ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ እረፍት። በኋላ ግን ያስተዋሉት ሌላ ነው። ሰዎቹ ተመሳሳይ ሕመም ያለበትን ሰው ማየታቸው ራሱ ያበረታቸው ነበር። ይሄን ሥልጠናው ላይ ስሰማ እንደ ታሪክ አልፌዋለሁ። ዛሬ አየሁት።

የታመመች እናቷን የምታስታምም አንዲት ተሳታፊ አለችን። ዛሬ «እናቴ ላይ ጮህኩባት» አለች። ከዚያ ዝም። አፌ ሊከፈት ነበር። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በልቤ ቆጠርኩ። አሥር፣ አሥራ አምስት። ክፍሉ ውስጥ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ሃያ ላይ ጫማውን የሚያየው ልጅ «ከጮህሽ በኋላ ምን አደረግሽ?» አላት።

«ኩሽና ገብቼ ቆምኩ።»

ሌላዋ «እኔ መታጠቢያ ቤት ነው የምገባው፣ ውሃውን ከፍቼ» አለች።

እንዲህ ሲሉ፣ አንዱ ለሌላው፣ 20 ደቂቃ ያህል ሄደ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልጅቷ የታመመ ሰው ላይ መጮህ ምን እንደሚመስል፣ ከዚያ በኋላ ራስን መጥላቱን፣ ሁሉንም ጨረሰች። የቀራት ነገር አልነበረም። ያኔ ጋሼ ወረቀታቸውን አስቀመጡ፣ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሏት።

አለቀሰች። ማንም ሶፍት አልዘረጋም። ጥቂት ቆይታ ራሷ አነሳች።

ባልደረባዬ ስንጨርስ ወረቀቱን አሳየችኝ። ወደ እኔ የሚመጡት መስመሮች ሁለት ናቸው። ሌላው ሁሉ በክቡ ውስጥ ተጠላልፏል።

ሳምንት 8

የመጨረሻው ቀን መሆኑን ከሳምንት 6 ጀምረን ስንናገር ቆይተናል። ከሰው የተነጠሉ ሰዎች ናቸው፣ ድንገት «በቃ ጨረስን» አይባሉም።

6 ሰው መጣ። ከሳምንት 5 በኋላ ያልመጣው ሰውም ተመልሷል፣ በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ። ምን እንደጠቀማቸው፣ ምን እንደጎደለ ጠየቅን። አንዱ ሰዓቱ አጭር ነው አለ። አንዷ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አስፈርቷት እንደነበር ነገረችን። ስምንቱን ሳምንት «ይለፈኝ» ሲል የቆየው ልጅ ዛሬም «ይለፈኝ» አለ። አንድም ቀን አልቀረም ግን፤ ወንበሮቹን ቀድሞ መጥቶ የሚደረድረውም እሱ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ መገናኘት እንቀጥል ብለዋል። ባልደረባዬና እኔ ለሁለት ወር አብረናቸው እንቀመጣለን፣ መምራቱን ከመካከላቸው ሁለቱ ይለማመዳሉ። ሁለቱም አሠልጣኛችን ዘንድ ይሠለጥናሉ። አንደኛዋ ስለ እናቷ የነገረችን ናት።

ለቀጣዩ አዲስ ቡድን 9 ሰው ተመዝግቧል። የስልክ ዝርዝሩን ነገ እንደገና ከላይ እስከ ታች እደውላለሁ።